መጀመሪያ ዳኛው፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ

ሥልጣን ያለው ፕሬዚዳንት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጥ የሚለው ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል በተባለ ቁጥር ከአንቀጽ 39 እና ከክልሎች አወቃቀር ጋር አብሮ ይነሣል፤ የአገራዊ ምክክር ነገር ከተጀመረ ወዲህም በየመድረኩ መሰማቱ አልቀረም። ሐሳቡን የሚያነሡ ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። በአማራ ክልል ራያ ቆቦ ወረዳ፣ ሮቢት ላይ ተሰልፎ ድምፁን የሚሰጥ ገበሬ የሚመርጠው የአካባቢውን ተወካይ እንጂ አገር የሚመራውን ሰው አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ምክር ቤቱ ይመርጥለታል፤ ለምክር ቤቱ ደግሞ ፓርቲው አስቀድሞ ወስኖ ይጨርስለታል። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበሩን ሲመርጥ ተወዳዳሪዎቹ ያገኙት ድምፅ 108፣ 59 እና 2 ነበር። ወደ መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ማን እንደሚመራው የተቆረጠው በዚያ አዳራሽ ውስጥ በ108 ሰዎች ድምፅ ነው። ይህን ያየ ዜጋ «እኔስ የምጠየቀው መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ቢሆንም ፕሬዚዳንትን በቀጥታ መምረጥ የያዘንን ሕመም አያድንም፤ ሌላ ነገር ሳይቀድመው ከመጣም ያባብሰዋል ብዬ እከራከራለሁ። ኢትዮጵያን ያደማት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማን እንደሚመረጥ የተነሣ ጠብ አይደለም። ያደማት፣ ሁለቱም «ሕዝብ መርጦኛል» የሚሉ፣ በተለያየ ፓርቲ እጅ ያሉ ሁለት የመንግሥት አካላት ሲፋጠጡ የሚዳኛቸው መጥፋቱ ነው። በሌላው ዓለም የተከፈለ መንግሥት የሚባለው ይህ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ፓርቲ፣ ምክር ቤቱ ከሌላ፣ ወይም ማዕከሉ ከአንድ፣ ክልሉ ከሌላ ሲሆን ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ክፍፍል በግልጽ የታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ በደም አለቀ፤ የሁለተኛውን ዕዳ በከባዱ ከከፈሉት መካከልም ከወልድያ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ወደ ቆቦ፣ ከዚያም ወደ ዋጃና አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ከሕጉ እንነሣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ሥርዓቱ ፓርላማዊ መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 56 በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች የአስፈጻሚውን አካል እንዲመሩ ያደርጋል። ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመርጡታል፤ ሕግ ቀርቦለት በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ እርሱ ፊርማ ይጸናል። ከወገንተኝነት የራቀ ሽማግሌ እንዲሆን የታሰበ ሰው ነው። ይህ ሐሳብ እስከ ምን ድረስ እንደሄደ ለማየት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ከሥልጣን በወረዱበት በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን እንዲያጣ አደረገ፤ እርሳቸው በ1997 ዓ.ም. በደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው ሲያሸንፉ ያን ሁሉ አጡ። (ሕጉ ለሽማግሌው ገለልተኝነት ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ በገዢው ፓርቲና በመንግሥት መካከል ስለሚኖረው ድንበር ያን ያህል አለመጨነቁ ይገርመኛል።)

በዚሁ ሕገ መንግሥት ውስጥ አንድ ጊዜም ሥራ ላይ ያልዋለ አንቀጽ አለ፤ አንቀጽ 60። ጣምራ መንግሥት ፈርሶ አብላጫውን ቢያጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠረት ፓርቲዎችን ይጋብዛል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። አርቃቂዎቹ እንግዲህ ፓርቲዎች ሥልጣን የሚካፈሉበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል በወረቀት ላይ አስበዋል። በተግባር ግን ቀኑ አልመጣም። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም ተጨመሩላቸውና ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ሆነ። ከሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ይፋ ከሆኑት 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 አገኘ፤ ከተቃዋሚዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4። እንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ የመንግሥት ክፍፍል የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ስለዚህም ክፍፍልን የሚያስታርቅ ማሽን ማንም ሊሠራ አልተቸገረም። ብረት በሌለበት ዝገት የለም እንደ ማለት ነው፤ ችግሩ ብረቱ የመጣ ዕለት ነው።

ብረቱ መጀመሪያ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በፌዴራሉ ምክር ቤትም ተቃዋሚዎች ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ያዙ፤ አብላጫው ግን የኢሕአዴግ ሆኖ ቀረ። ያ ማለት አገሪቱን አንድ ፓርቲ፣ ዋና ከተማዋን ሌላ ፓርቲ ይመራል ማለት ነበር። በዓለም ላይ የተለመደ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን የሥራ ዘመኑን እየጨረሰ የነበረው ምክር ቤት በመሰነባበቻው የስብሰባ ደንቡን ቀይሮ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ እንዲያስፈልግ አደረገ፤ አዲስ የሚገቡት ተቃዋሚዎች ገና ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ አፋቸው ተያዘ። ቅንጅት በበኩሉ ፓርላማ እንግባ አንግባ፣ ከተማውን እንረከብ አንረከብ በሚል ክርክር ውስጥ ተጠምዶ ከረመና ሳይረከብ ቀረ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት፣ ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ያገኘው የሟቾች ቁጥር 193 ሰላማዊ ሰው ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፤ አዲስ አበባም በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። ሁለቱም ወገን ጥፋት አለበት፤ ነገር ግን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ፣ ያ ሁሉ ሲሆን «ደንቡን መቀየር ይቻላል ወይስ አይቻልም? ከተማው በስንት ቀን ውስጥ ለማን ይተላለፋል?» ተብሎ ተጠይቆ ሁለቱም የሚያምኑት መልስ ሊገኝበት የሚችል ችሎት አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የባሰ ነበር። ክፍፍሉ የጀመረው ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ሲሆን በይፋ የታየው ታኅሣሥ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንን ሲያቋቁም የትግራይ ተወካዮች በመቃወማቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያ በሁለት ፓርቲ የምትመራ ፌዴሬሽን ሆነች፤ ማዕከሉ የብልጽግና፣ ትግራይ የሕወሓት። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ስድስተኛው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። ሕገ መንግሥቱ ምርጫ ቢራዘም ምን እንደሚሆን በግልጽ አይናገርምና ጉዳዩ ለትርጓሜ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ፤ ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ የምክር ቤቶቹንና የአስፈጻሚውን የሥራ ዘመን አራዘመ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ግን የሕወሓት ሰው ነበሩና ከውሳኔው በፊት ሥራቸውን ለቀቁ። ትግራይ ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ሕወሓት ውድድር የተደረገባቸውን 152 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን እንዳልተደረገ ቆጠረው። መቀሌ ደግሞ ከመስከረም 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ የፌዴራል መንግሥቱ ዘመኑ አልፎበታል አለች፤ ከሁለት ቀን በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከክልሉ ምክር ቤትና ካቢኔ ጋር ግንኙነት እንዲቋረጥና በጀቱ በቀጥታ ወደ ታችኛው አስተዳደር እንዲላክ ወሰነ። ጥቅምት 24 ሌሊት ጦርነቱ ጀመረ።

በዚህ ወደ አምስት ወር በሚጠጋ ቅደም ተከተል ውስጥ እያንዳንዱ ወገን ለሌላው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «አንተን የመረጠህ የለም።» ማዕከሉ ለመቀሌ ምርጫህ ሕገ ወጥ ነው ይላል፣ መቀሌ ለማዕከሉ ዘመንህ አልቋል ትላለች። ሁለቱም ሕግ እየጠቀሱ ነው። ሁለቱም ግን ከራሳቸው በላይ የሚፈሩት ዳኛ የላቸውም። ያ ክርክር ራያ ቆቦ የደረሰው በጥይት መልክ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ባወጣው ሪፖርት እንደመዘገበው ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተዋጊዎቹ ያልታጠቁ ሰዎችን ገደሉ፤ የአካባቢው ሚሊሻና ገበሬ ላደረገው መከላከል የተወሰደ በቀል መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃም አቀረበ። ቀኑ ትግራይ ምርጫዋን ካካሄደችበት ዕለት ጋር ልክ ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቱ ግን ግጥምጥሞሽ አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦ ተመለሰች። በነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ በዚያው በቆቦ ዙሪያ እንደገና ፈነዳና ከተማዋ በሦስት ቀን ውስጥ እንደገና እጅ ቀየረች። ከተማዋ ሁለቱንም ጊዜ የተያዘችው ማሽላው በቆላው ሜዳ ላይ ቁመት በሚያወጣበት ወቅት ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ወረዳ የማንንም የምርጫ ዘመን አላራዘመም፣ አላሳጠረም፤ የሁለት ምክር ቤቶችን ክርክር ግን በራሱ ሜዳ ላይ አስተናገደ።

አሁን ወደ ፕሬዚዳንቱ እንመለስ። ሁዋን ሊንዝ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 በጻፈው ታዋቂ መጣጥፍ የፕሬዚዳንታዊ ሥርዓትን ዋና አደጋ አሳይቶ ነበር። ፕሬዚዳንቱም ምክር ቤቱም በሕዝብ ስለሚመረጡ ሁለቱም የሕዝብ ቃል አለኝ ይላሉ፤ ሲጋጩ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛው የሕዝብ ወኪል እንደሆነ የሚወስን የዴሞክራሲ መርሕ የለም። ቺሊ በእ.ኤ.አ. 1970 ሳልቫዶር አየንዴን በ36 ከመቶ ድምፅ ገደማ መረጠች፤ ምክር ቤቱ በሌሎች እጅ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩን የጨረሰው ጦሩ ነው። እኛ ፓርላማዊ ሆነን ሳለን በ2012 ዓ.ም. የገባንበት አዘቅት ይኸው ነው። የሕዝብ ቃል ለሁለት ተከፈለ፤ የሚያስታርቅ አልነበረም። ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ይህንን አልፎ አልፎ የሚመጣ አደጋ በየአምስት ዓመቱ ወይም በየስድስት ዓመቱ በሕግ ቤታችን ውስጥ ያስቀምጥልናል።

አሜሪካ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ታስተምራለች። ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ሥልጣን ሲይዙ ሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች በተቃዋሚ እጅ ነበሩ፤ አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት እንዲህ ሲጀምር ከ1849 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተከፈለ መንግሥት የዘወትር ነገር ሆነ። በዚያ ዘመን መራጩ ለፕሬዚዳንት አንዱን፣ ለምክር ቤት ሌላውን ፓርቲ ይመርጥ ስለነበር እንደራሴዎቹ ከባላንጣ ፕሬዚዳንት ጋር የመስማማት ምክንያት ነበራቸው። በእ.ኤ.አ. 2016 ምርጫ ግን እያንዳንዱ የሴኔት መቀመጫ በዚያው ግዛት ፕሬዚዳንታዊውን ድምፅ ላሸነፈው ፓርቲ ሄደ፤ ሴናተሮች በቀጥታ መመረጥ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁሉን ነገር ወደ ሁለት ካምፕ የሚስብ ማግኔት ሆኗል። ከታኅሣሥ 2018 እስከ ጥር 2019 እ.ኤ.አ. ለ35 ቀን የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተቋርጦ 800 ሺህ ያህል ሠራተኛ ያለ ደመወዝ የቆየው በድንበር ግንብ ላይ በተነሣ ጠብ ነው። ይህ አንዱ ትምህርት ነው። ሌላኛው፣ ደመወዝ ተቋረጠ እንጂ ጦር አልተንቀሳቀሰም። ጥር 6 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሁከተኞች የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን ወርረው እንኳ የፕሬዚዳንት ምርጫው የጸናው፣ ውጤቱን በመቃወም ከቀረቡት ከ60 በላይ ክሶች ፍርድ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስለጣሉ ነው፤ ከጣሉት ዳኞች መካከል ተሸናፊው ፕሬዚዳንት ራሱ የሾማቸው ነበሩበት።

አሜሪካ ሩቅ ናት ለሚል ኬንያ ቅርብ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ ማሸነፋቸው በታወጀ በሰዓታት ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት አልሄድም አሉ፤ ዳኞቹን የሚሾመው ያው የተከሰሰው ሰው ነው ብለው ስላመኑ። ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰው ሞተ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች፤ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ መምረጧን አልተወችም፤ የለወጠችው ዋና ነገር ዳኛውን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2017 በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ያሸነፉበትን ምርጫ ሻረ። ነገሩ ከዚያ በኋላ በሰላም ብቻ ተፈጸመ ማለቴ አይደለም፤ ኦዲንጋ ድጋሚ ምርጫውን ረገጡ፤ በፖሊስ ጥይትም ሰዎች ሞቱ። የ2007ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልተደገመም። የምርጫው ዓይነት ያው ነው፣ ተፎካካሪው እንኳ ያው ነው፤ የተለየው ክሱ የሚቀርብበት ደጅ መገኘቱ ነው።

እንግዲህ የእኛን ደጅ እንመልከት። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይልካሉ፤ የክልል ምክር ቤቶች ደግሞ የፓርቲ ናቸው። ይኸው ቤት የክልሎችን ወሰን ክርክር ይፈርዳል፤ ይኸው ቤት የፌዴራሉን የበጀት ድጎማ ቀመር ያወጣል። ዳኛም፣ መሬት ከፋይም፣ ገንዘብ አካፋይም ነው ማለት ነው። ትግራይና አማራ በሚከራከሩበት በራያ ጉዳይ ላይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማየት የአፈ ጉባኤዎቹን ስም ማየት ይበቃል። ኬሪያ ኢብራሂም ከተከራካሪዎቹ ወገኖች በአንዱ ፓርቲ አመራር ውስጥ ነበሩ፤ ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ወንበሩን የያዙት አገኘሁ ተሻገር ደግሞ ከዚያ በፊት የሌላኛው ተከራካሪ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ። የግለሰቦቹን ሥነ ምግባር እየነቀፍኩ አይደለም፤ ሁለቱም ንጹሕ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ራያ ውስጥ ደም ለማድረቅ ከሚቀመጡት፣ ዘወልድ ከሚባሉት የባህል አስታራቂ ሽማግሌዎች መካከል የገዳዩ ወንድም ብቻውን ሰብሳቢ ቢሆን ማን እርቁን ይቀበላል? አላማጣና ኮረም እስከ ደርግ ውድቀት በወሎ ሥር ሲተዳደሩ ቆይተው በሽግግሩ ዘመን ወደ ትግራይ ሲካለሉ፣ ቆቦ አማራ ክልል ውስጥ ሲቀር የተነሣው ጥያቄ ሠላሳ ዓመት የቆየው ጉዳዩ ውስብስብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 48 ክልሎች ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ የሕዝብን አሠፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል ይላል። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነትም በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ይህንኑ መንገድ አመለከተ። መንገዱ አለ፤ በመንገዱ መጨረሻ የተቀመጠውን ሰው ሁለቱም የሚያምኑት አይደለም።

የፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ደጋፊዎች ብርቱ መልስ አላቸው። አንድ ሰው የመላው አገሪቱን ድምፅ ለማግኘት ሲል ከብሔሩ ወጥቶ ሌላውን ማግባባት ይኖርበታል፤ ይህ ራሱ የሚያስታርቅ ነገር ነው ይላሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ74 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን፣ አማራ 17 ሚሊዮን ነበሩ። የሁለቱ ድምር ከአገሪቱ ሕዝብ ሦስት አምስተኛ ገደማ ነው። በቀላል አብላጫ ድምፅ የሚወዳደር ሰው ከእነዚህ ክልሎች ውጭ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀሰቅስ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ወይም ሁለቱ እርስ በርስ ሲፎካከሩ ቀሪዎቹ ዋጋቸውን እየጨመሩ የሚሸጡ ድምፆች ይሆናሉ። ይህን ለመከላከል ናይጄሪያ አሸናፊው ከ36ቱ ግዛቶች ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ከእያንዳንዱ 25 ከመቶ እንዲያገኝ ትጠይቃለች። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኛም ብንወስደው አልቃወምም። ነገር ግን ደንቡ ማን እንደሚያሸንፍ ይወስናል እንጂ አሸናፊው ከተቃዋሚ ምክር ቤት ወይም ከተቃዋሚ ክልል ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ከዚያም የሚያስቀው ነገር አለ። ከአብዛኞቹ ክልሎች ከእያንዳንዱ 25 ከመቶ ማግኘት ግዴታ ከሆነ፣ የአላማጣና የዋጃ ድምፅ የሚቆጠረው ከየትኛው ክልል ጋር ነው? በ2013ቱ ምርጫ የትግራይ 38 መቀመጫዎች ባዶ ስለቀሩ ጥያቄውን ማንም መመለስ አላስፈለገውም። በፕሬዚዳንት ምርጫ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ የድምፅ መስጫ ጣቢያ የክልል ወሰን ክርክር ይሆናል፤ የሚዳኘውም ያው ቤት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው በኩል ይመጣል። ደሀ አገር የተከፈለ መንግሥት የመሸከም አቅም የላትም፤ መንገዱም፣ የቆቦ ጊራና መስኖም፣ ትምህርት ቤቱም በአንድ ጠንካራ ፓርቲ ነው የሚሠራው ይላል። በዚህ ላይ የአማራ ክልልን ያህል ጥሩ ፈተና የለም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ፓርቲ ነው። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ክልሉ አምስት አዳዲስ ርዕሳነ መስተዳድር አየ፤ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ። አንዱ በጥይት ተገደሉ፤ ከአረጋ ከበደ በፊት የነበሩትን ሌሎቹን ፓርቲው አንሥቶ ፓርቲው ተካ። በምርጫ ተሸንፎ የወረደ አንድም የለም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን፣ ትናንት ከጦርነት የወጣችውን ቆቦን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተቃውሞ ፈነዳ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለው ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ የክልሉ ምክር ቤትና የፌዴራሉ ምክር ቤት የአንድ ፓርቲ ስለሆኑ ክርክሩ በየትኛውም አዳራሽ ውስጥ እንደ ክርክር አለመካሄዱ ነው። ከአዳራሽ የታገደ ክርክር መንገድ ላይ ወጣ፣ ከመንገድ ጫካ ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአንድ ፓርቲ አንድነት መረጋጋትን ከሰጠ ቢያንስ ለዚህ ክልል መስጠት ነበረበት። ክፍፍል ከሌለበት ቤት ክፍፍሉ አይጠፋም፤ መሣሪያ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ምርጫው በተከፈለ መንግሥትና ባልተከፈለ መንግሥት መካከል አይደለም። እውነተኛ ምርጫ ከተደረገ ኢትዮጵያ የተከፈለች ትሆናለች፤ ክልሎቿ የተለያየ ፓርቲ ይመርጣሉ፣ ምክር ቤቷም ማንም ብቻውን የማያዝበት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቀን መዘጋጀት ነው የሚሻለው። በእኔ ግምት ሦስት ነገሮች ከፕሬዚዳንቱ ይቀድማሉ፤ ከሦስቱ ውስጥ በተለይ አንዱ። እሱም ሕገ መንግሥትን የመተርጎምና የክልል ወሰን ክርክርን የመፍረድ ሥልጣን ከፓርቲዎች ሸንጎ ወጥቶ፣ ዳኞቹ ለረዥም ዘመን ለሚሾሙበትና ሹመታቸው ለማይታደስበት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መሰጠቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግንቦት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የባለሙያዎችን ክርክር በቴሌቪዥን ሲያሰማ አገሩ ተቀምጦ ማዳመጡን እናስታውስ። የሕግ ክርክር የሚያዳምጥ ሕዝብ አለ፤ የጎደለው፣ አዳምጦ በራሱ ሥልጣን የሚወስን ዳኛ ነው፤ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ ወደ ፓርቲዎቹ ቤት መላክ ነበረበት። ሌሎቹ ሁለቱ በዚህ ላይ ይቆማሉ። ማንም ከማንም ጋር ቢጣላ የክልል የበጀት ድጎማ በፖለቲካ ውሳኔ እንደማይቋረጥ በሕግ መጽናት አለበት፤ አሜሪካ ይህንን አልጻፈችምና ሠራተኞቿ ዋጋ ይከፍላሉ፣ እኛ ግን ከበጀት ማቋረጥ እስከ ጦርነት አንድ ወር ብቻ ነው የፈጀብን። በምርጫውም በኩል አንቀጽ 54 የጻፈውን የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ተመጣጣኝ ውክልና ካልደገፈው፣ ከሕዝቡ ጥቂት የማይባል ድምፅ ያገኙ ተቃዋሚዎች ሁልጊዜ ከአዳራሽ ውጭ ይቀራሉ።

አንድ ሰው «ሁሉንም አንድ ላይ ብናሻሽልስ?» ሊለኝ ይችላል። በአንቀጽ 105 መሠረት ይህን ዓይነት ማሻሻያ ለማጽደቅ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሰጡ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሊቀበሉት ይገባል። ፕሬዚዳንቱን ለማምጣትም ዳኛውን ለማምጣትም መንገዱ አንድ ነው። ዛሬ እነዚያን ምክር ቤቶች ከሞላ ጎደል አንድ ፓርቲ ስለያዛቸው ሁለቱም በቀላሉ ሊያልፉ ይችላሉ። ነገር ግን ሁሉን የያዘ ፓርቲ በቀጥታ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት ለመፍጠር ምክንያት አያጣም፤ ወንበሩ የራሱ እንደሚሆን ያስባልና። በነገው ቀን ሊፈርድበት የሚችል ዳኛ ለመፍጠር ግን ነገ ተቃዋሚ ልሆን እችላለሁ ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ኢሕአዴግ ያንን አላሰበም፤ ሕወሓትም በመቀሌ ሙሉ ምክር ቤቱን ሲይዝ አላሰበም። ብልጽግና ማሰቡን የምናውቀው፣ የራያን ጥያቄ በራሱ የቀድሞ የክልል መሪ በሚመራ ቤት ከማስወሰኑ በፊት፣ ከሁለቱም ክልል ያልሆነ ዳኛ እንዲያየው ፈቃደኛ የሆነ ዕለት ነው።